ሰንጋው የት ላይ ይመታ?

ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደብረ ታቦር በሚገኘው ቤቴ ውስጥ ለማግስቱ ሠርግ የምለብሰውን ቀሚስ እየተኮስኩ ነበር። ሰዓቱን በትክክል የማስታውሰው፣ ስልኬ ሲጠራ ካውያውን አስቀምጬ ቀና ስል የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ስለነበረ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ከብት አክሜአለሁ፤ አብዛኛውም ከአእምሮዬ ጠፍቷል። የዚያ ዕለቱ ግን አልጠፋም። ምክንያቱም ሥራው ከሕክምና ይልቅ ለአደን የቀረበ ነበር፤ እኔም ሰው ሁሉ እያየኝ አነጣጥሬ የማላውቅ ሴት ነበርኩ።

የደወለችልኝ የሺ ናት። የሺ ከቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ ጋፋት አጠገብ ከእናቷ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር የወተት ላሞች ታረባለች። ላሞቿን የማክመው እኔ ነኝ። የማግስቱ ሙሽራም እሷው ነበረች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጄም እግሬም በእንሶስላ ተጠቅልሏል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዘችልኝ እናቴ ናት» አለች። «ቦራ አመለጠ!»

«ቦራ እኮ ነው፣ ዶክተርዬ! የሠርጉ ሰንጋ!» የሚለው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፅ ከልጃቸው ድምፅ ይልቅ ጎልቶ ተሰማኝ።

ቦራን በደንብ አውቀዋለሁ። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቀይ ወጣት ሰንጋ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለልጃቸው ሠርግ ብለው ከጥጃነቱ ጀምሮ በእጃቸው እያጎረሱ አሳድገውታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት የሚደረግ የመጀመሪያው ድግስ ስለሆነ፣ «ባል የሌላት ሴት ድግስ» እንዳይባል አጥብቀው ይፈሩ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰንጋው ሊታረድ ገመዱ ከግንድ ጋር እንደታሰረ፣ ዳሱ ውስጥ የድምፅ ማጉያ የሚሞክሩት ልጆች አንድ ከባድ ጩኸት ለቀቁበት። ቦራም ገመዱን በጠሰ። ሊይዘው የሞከረውን የየሺን አጎት ጥሎ ክንዱን ሰብሮ፣ አጥሩን ጥሶ፣ ወደ ታችኛው ማሳ ወረደ።

የሚያሰጋው ከማሳው ቀጥሎ ያለው የእግር መንገድ ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ገበያተኛው ከደብረ ታቦር የሚመለሰው በዚያው ነው፤ አሮጊቱም፣ ልጅ ያዘለችውም፣ አህያ የሚነዳውም።

«መድኃኒት አለዎት አይደል፣ የሚያስተኛ?» አለች የሺ።

ነበረኝ። ለተናካሽ ውሾችና ለማይጠጉ ከብቶች የምጠቀምበት አንድ ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ አለኝ። ማደንዘዣ የተሞላውን መርፌ በአንዱ ጫፍ አስገብቶ በሌላው ጫፍ በኃይል መንፋት ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚሠራው ከአንድ ሰፊ ክፍል ርዝመት ብዙም ሳይርቁ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያነጣጠርኩት ደግሞ በታሰረ ወይም ጥግ በያዘ እንስሳ ላይ ነበር፤ ሰው ጥሎ ያመለጠ ሰንጋ ላይ ሞክሬው አላውቅም። ካውያውን ነቀልኩ፣ ቦርሳዬን ያዝኩ፣ ቱቦው ግማሹ በጎን ወጥቶ በባጃጅ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ሰዉ ሁሉ ከማሳው በላይ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ተደርድሯል። ቦራ ከታች፣ እህሉ በተነሣለት የገብስ ማሳ መካከል፣ አንድ የጭድ ክምር አጠገብ ቆሞ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይነሣል ይወድቃል። ዱላ የያዙ ወንዶች ከበውታል፤ የሚጠጋው ግን የለም።

ከካቡ ሥር አያ ንጋቱ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አያ ንጋቱ የሟቹ የየሺ አባት አጎት ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ቆላ ወርደው ጎሽ ያድኑ እንደነበር የማያውቅ የለም፤ የማያውቅ ካለም እሳቸው ይነግሩታል። ከጎናቸው አራጁ ሞላ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቆሟል።

ምክሩ የተያዘው ሰንጋው የት ላይ ይመታ በሚለው ነበር። ያለ ቢላዋና ያለ «በስመ አብ» የሞተ ከብት ጥንብ ነው፤ አይበላም። ስለዚህ አያ ንጋቱ አንገቱን መትተው ሊጥሉት፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደግሞ ሞላ ሮጦ ሊባርከው ተስማምተዋል።

«ከጆሮው ዝቅ ብዬ አንገቱን ካገኘሁት እግሩን አያነሣም» አሉ አያ ንጋቱ። «ብብቱን ከመታሁት ግን ልቡ ነው፤ ሞላ ሳይደርስ ያልቃል። አንተ እንደሆንክ ሩጫ አታውቅም።»

«እርስዎ ይምቱ እንጂ እኔ እደርሳለሁ፣ አያ።»

«ባለፈው ዓመት በግ አምልጦህ የለም እንዴ!»

ካቡ ላይ ያሉት ሳቁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን አልሳቁም፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ከአያ ንጋቱ እጅ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

አያ ንጋቱ ተነሡ። ጠመንጃውን ወደ ትከሻቸው አመጡና ረጅም ጊዜ አነጣጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት።

«አልተኩስም» አሉ።

«ምነው አያ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«አንደኛ፣ ከጀርባው ሰው ያልፋል። ከጀርባው ሰው ያለበት አውሬ አውሬ አይደለም። ሁለተኛ፣ በዚህ ዘመን ተኩስ ከተሰማ ገበያተኛው ሸሽቶ ገደል ይገባል።» ዞር ብለው ወደ እኔ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ፦ «ሦስተኛ፣ ዓይኔ ሁለት በሬ ያሳየኛል። ሁለተኛው የማን እንደሆነ አላውቅም።»

በዚያ ቅጽበት ለሽማግሌው ያደረብኝ አክብሮት እስካሁን አብሮኝ አለ። ሁሉም ሰው አሁን ወደ እኔና ወደ ቱቦዬ ተመለከተ። ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀረብ ብዬ፣ ከመወሰናቸው በፊት ማወቅ የሚገባቸውን ነገርኳቸው።

«እናቴ፣ እኔ ከወጋሁት ይተኛል፤ በጤናም ይነሣል። መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ ግን ሥጋው አይበላም። ነገ አይበላም፤ ከነገ ወዲያም አይበላም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

«የነገውስ እንግዳ? የወንዱ ወገን መጥቶ ምን ሊበላ ነው?»

ያሳደጉት ሰንጋ ከፊታቸው ቆሟል፤ ከኋላቸው ሥጋ የሌለው ዳስ ነው። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከማሳው ማዶ ምንም ሳታውቅ በመንገዱ ስታልፍ ቦራ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን አዩ።

«ሰው አይሙትብኝ» አሉ። «ውጉት።»

መርፌዎቹን አዘጋጀሁ። በእጄ የነበሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ጫማዬን አውልቄ፣ ከጭድ ክምሩ በስተጀርባ እየተከለልኩ ለመቅረብ ስነሣ፣ አያ ንጋቱ ጠመንጃቸውን ለሞላ አስይዘው ተከተሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

«የት ላይ ነው የምትመቺው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ታፋው ላይ ነው፣ አያ ንጋቱ።»

ቆሙ። የተሰደቡ ያህል ነበር ያዩኝ። «ታፋ! ታፋ የሰነፍ ነው፣ ልጄ። ታፋውን የተመታ አውሬ ሦስት አገር ያካልልሻል። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከክርኑ ከፍ በዪ። ልቡም ሳንባውም እዚያ ነው።»

«እኔ ልቡን አልፈልገውም። መርፌው ሳንባው ላይ ከገባ ይሞትብናል። ታፋው ወፍራም ጡንቻ ነው፤ መድኃኒቱ ከዚያ ተነሥቶ ቀስ እያለ በደሙ ይሄዳል። የምፈልገው ሥጋውን ነው።»

«ሥጋውንማ ሁላችንም እንፈልገው ነበር!» አሉና በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ሞላ ከሩቅ «ሻኛውን እንዳይነኩብኝ!» ሲል ሰማሁት። የማይበላ መሆኑን ሰምቶ አላመነም ማለት ነው።

ክምሩ ጥግ ደረስን። ቦራ አሁንም ፊት ለፊት ነበር። ከዚያ አቅጣጫ የሚታየው ግንባር፣ ቀንድና ጠባብ ደረት ብቻ ነው። ልጠብቅ ይገባኝ ነበር። ሆኖም ቦራ ሰውነቱን በትንሹ ጠመም ሲያደርግ የታፋውን ጠርዝ አየሁና ቸኮልኩ። ነፋሁ። እሱም በዚያው ቅጽበት አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ መርፌዬ ከጀርባው በላይ አልፋ ከማዶው ሌላ የጭድ ክምር ላይ ተተከለች።

ከዚያ ሞላ «ክምሩ አሁን ይተኛል!» አለ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ለልምምድ የሚላኩልኝ ተማሪዎች ፊት እንኳ ድምፄን ከፍ የማላደርግ ሰው ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ ቱቦውን ጥዬ ቀሚሴን ወደምተኩስበት ቤቴ ብመለስ እወድ ነበር።

አያ ንጋቱ ግን ክርኔን ያዙኝ። «አትቸኩዪ። ጎኑን ሳይሰጥሽ አትንፊ። ጎኑን ይሰጥሻል፤ ከብት ፊት ለፊት ቆሞ ሲሰለቸው ይዞራል። ያን ጊዜ ከወዲህ በኩል ያለችውን የኋላ እግሩን ተመልከቺ። ክብደቱን የጣለባት እንደሆነች አይንቀሳቀስም።»

በዚህ ላይ ልዩነት አልነበረንም። ጠበቅን። ፀሐይዋ አንገቴን ታቃጥላለች፤ ከአጨዳ የቀረው የገብስ አገዳ ባዶ እግሬን ይወጋኛል። ቦራ እንደተባለው ሰለቸው። አፍንጫውን ላሰ፣ ዘወር አለና ከመሬት የቀረች የገብስ ዘለላ ለመልቀም አጎነበሰ። ጎኑ ሙሉ በሙሉ ተሰጠኝ። የቅርቧ የኋላ እግሩ ጸናች። የታፋውን ወፍራም ቦታ አየሁ፤ ሌላ ምንም አላየሁም። ነፋሁ።

ቀይ ክር የታሰረባት መርፌ ከፈለግኩት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

ቦራ ጭራውን አወዛወዘ እንጂ አልደነበረም። መድኃኒቱ እስኪይዘው ድረስ ፍጹም ጸጥታ ያስፈልጋል፤ ይህን ለሁሉም አስቀድሜ ነግሬአለሁ። አያ ንጋቱ ሊፎክሩ ደረታቸውን ነፍተው አፋቸውን ሲከፍቱ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ እንደምንም ዋጡት። ግን የሠርግ ቤት ሴቶች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍኑ የዋሉ ናቸው። ዒላማው ሲመታ አይተው ደስታቸውን መያዝ አልቻሉም። ካቡ ከዳር እስከ ዳር በእልልታ ተናወጠ።

ቦራ ዘለለ። ዱላ የያዙት ወንዶች ተበተኑ። ሰንጋው ሽቅብ ጋለበና በጣሰው አጥር በኩል ገብቶ ቀጥታ ወደ ዳሱ ሄደ።

«የሺ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

የሺ ዳሱ ውስጥ ነበረች። እጆቿና እግሮቿ እንሶስላው እንዲይዝላት በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ለሙሽሮች በተዘጋጀው ከፍታ ላይ ተቀምጣ ነበር። አብረዋት የነበሩት ጓደኞቿ ሲሮጡ ወጡ። እሷ መሮጥ አትችልም።

ሁሉም ወደ ዳሱ ሊሮጥ ሲል አያ ንጋቱ እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉ። «ማንም አይከተለው! የተመታ አውሬ ሲከተሉት ይሸሻል፤ ሲተዉት ይተኛል።»

እኔም ከልብ የማምንበት ይህንኑ ነበር፤ ግን ውስጥ ያለችው የሰው ልጅ ናት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጄን ይዘው ወደ ዳሱ ይጎትቱኛል። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ያ ዝምታ ቀድሞ ቢገኝ ኖሮ ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ከዳሱ ውስጥ የወንበር መውደቅ ተሰማ። ከዚያ ምንም።

አያ ንጋቱን ውጭ ትቼ፣ ሸራውን በቀስታ ገልጬ ብቻዬን ገባሁ።

ቦራ ከሙሽሮቹ ከፍታ ሥር ተንበርክኮ ተኝቷል። ምራቁ ይዝረበረባል፤ የዓይኑ ሽፋን ከብዶታል። አገጩ የተጠቀለሉት የየሺ እግሮች ላይ አርፏል። የሺ እንደ ሐውልት ደርቃ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ብቻ ወደ እኔ ዞረ።

«ዶክተር» አለችኝ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «እግሬ ላይ ነው የተኛው። እንሶስላው ሊበላሽ ነው።»

በሕይወቴ ከባድ ሥራ ላይ ሳለሁ ሳቄ ያመለጠኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሷም ሳቀች። ቦራ ጆሮውን አነቃነቀ፤ ግን አልነቃም። እስከ ዘንድሮም ድረስ ሠርጉን ስናነሣ እንዴት እንዳልፈራች እጠይቃታለሁ። ሁልጊዜም ቦራን ቤይሩት ከቀጠረቻት እመቤት ጋር አነጻጽራ መልስ ትሰጠኛለች፤ ያን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደው ሥራዬ ነበር። ሆዱ እንዳይነፋ በደረቱ እንዲተኛ በጭድ ደገፍነው፤ አንገቱን ከፍ አድርገን አስቀመጥን፤ እግሮቹን አሰርን፤ ትንፋሹን ስቆጥር አመሸሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ እግሩን ስንፈታለት በራሱ ተነሣና ውኃ ጠጣ። ክንዱ የተሰበረው አጎትም ሐኪም ቤት ታስሮለት ተመለሰ፤ ወዲያው ታሪኩን ከእኛ በተለየ መንገድ መናገር ጀመረ።

ሥጋ የሌለው ድግስ ግን እንዳለ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋኖቹን ከፍተው አዩ፣ ወጡን ቀመሱ፣ ከዚያ ሄደው ቦራ አጠገብ ተቀመጡ። ያ መቀመጥ አስጨነቀኝ። ሞላም ጠጋ ብሎ «ዶክተር፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት፤ ይበላል ቢሉ ማን ያውቃል?» አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልኩት። ያን ስል ለሴትዮዋ ሐዘን ምክንያት የሆንኩት እኔ እንደሆንኩ ተሰምቶኝ ነበር።

ያ ቀን ካለፈ በኋላ ሥራዬን ከበፊቱ የተለየ አልሠራም። ነገር ግን እንስሳ ልወጋ ስነሣ አሁንም ጎኑን እስኪሰጠኝ የምጠብቀው በትዕግሥት ነው፤ ብስትም እንደዚያ አልደነግጥም። ሰው ፊት መሳት እንደማይገድል ጋፋት አጠገብ ባለ ገብስ ማሳ ላይ ተምሬአለሁ። ስለዚያ ቀን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ለብቻዬም ፈገግ እላለሁ።

በማግስቱ እሑድ ማለዳ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የሙሽራው አባት ወሬውን ሰምተው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ለሰኞው የእነሱ ድግስ ያዘጋጁት አንድ አሮጌ የእርሻ በሬ ነበራቸው፤ እሱ ዛሬ እዚህ ይታረድ አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊታቸው ጠቆረ።

«የወንድ ወገን በሴት ቤት አያበላም። ልጄ ሰው ከብት አርዶ የዳራት ልትባል ነው?»

«እንግዲያው ልዋጭ ነው» አሉ የሙሽራው አባት። «በሬ በበሬ። የእኔን እረዱ፤ ቦራን ስጡኝ። ለሰኞው በግ ይበቃናል። የሚታረደው በሬዬ ጓድ ቀንበር ላይ ብቻውን መቅረቱ ነው፤ እናገራዋለን።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። የሺ ከጓዳ በር ላይ፣ እጆቿ ደማቅ ቀይ ሆነው፣ «እኔም እኮ አልበላውም ነበር» አለች። እናቷ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «ልዋጭ ከሆነ ይሁን» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ሞላም ቢላዋውን ሊስል ወጣ።

የቀረው ቦራ ሙሽራዋን በሚያጅበው መኪናና ጥሩምባ መካከል ወደ አዲሱ ቤቱ እንዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ነበር። አያ ንጋቱ ተነሥተው በትራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ከትንሽ ክርክርም በኋላ ተወሰነ፦ ሙሽራዋ በመኪና ትሄዳለች፤ ቦራ በአቋራጩ የእግር መንገድ ይከተላል፤ በሕይወቴ ለማንም ሚዜ ሆኜ የማላውቀው እኔም፣ በተተኮሰው ቀሚሴ፣ የሰንጋው ሚዜ ሆኜ ከጎኑ እሄዳለሁ።